የጳጳሱ አዳራሽ ለማን ተሠራ?

በዌልስ ምዕራባዊ ጫፍ፣ አሉን በምትባል ትንሽ ወንዝ ዳርና ዳር፣ የሴንት ዴቪድስ ካቴድራልና የጳጳሱ ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ ይተያያሉ። የቤተ መንግሥቱን ትልቁን ክፍል ያሠሩት ከ1328 እስከ 1347 እ.ኤ.አ. በመንበሩ የተቀመጡት ጳጳስ ሄንሪ ጋወር ናቸው። ፍርስራሹን ያየ ሰው ለፍርድ ይቸኩላል፦ ስለ ሰማይ የሚሰብክ አባት ይህን ሁሉ ድንጋይ ለምድራዊ ክብሩ አስፈለጠ ይላል። በእኔ እምነት ግን ጋወር ከሁሉ በፊት ያሠሩት ለእንግዳ ነው።

ሕንጻውን ቀረብ ብሎ ማየት ነው። አዳራሹ ሁለት ነው። አነስ ያለው የጳጳሱና የቤተኞቻቸው ነው። ትልቁ፣ 27 ሜትር ያህል የሚረዝመውና ጫፉ ላይ ክብ መስኮት ያለው፣ የራሱ መግቢያ ተበጅቶለት ለእንግዶች ተሠራ። በግድግዳው አናት ላይ ተከታትለው የሚሄዱት ቅስቶች፣ ሐምራዊና ነጣ ያለ ድንጋይ እንደ ዳማ ሰሌዳ እያፈራረቁ የተደረደሩባቸው ናቸው። የባለቤቱ ሐሳብ ክብር ብቻ ቢሆን ኖሮ ሰፊው አዳራሽ የራሱ በሆነ ነበር።

እንግዳው ደግሞ ብዙ ነው። ሴንት ዴቪድስ የቅዱስ ዴቪድ መቃብር ስፍራ ናት፤ ሁለት ጊዜ የተሳለማት ሮምን አንድ ጊዜ እንደተሳለመ ይቆጠርለታል ይባል ነበር። በ1284 ንጉሥ ኤድዋርድ ቀዳማዊ ከንግሥቲቱ ጋር መጥቶ ተሳልሟል።

እርግጥ ገንዘቡ ከሰማይ አልወረደም። ጋወር ከመሾማቸው ሁለት ዓመት በፊት፣ በ1326፣ የሀገረ ስብከቱ መሬትና የገባሮቹ ግዴታ በዝርዝር ተመዝግቦ ነበር። መዝገቡ ከሚጠቅሳቸው ግዴታዎች አንዱ፣ የከተማይቱ ነዋሪዎች በጦርነት ጊዜ የቅዱሱን አፅም ይዞ የሚዘምተውን ጳጳስ ተከትለው እንዲወጡ ያዛል፤ ግን ማታውኑ ወደ ቤታቸው መመለስ የሚችሉበት ርቀት ድረስ ብቻ። የአዳራሹን ወጪ የተሸከመው የእነዚህ ሰዎች ድካም ነው። እነሱ ራሳቸው በዚያ ማዕድ ይቀመጡ ነበር ብዬ አልከራከርም። ትልቁ አዳራሽ በዋናነት የታላላቅ እንግዶች ነበር።

የጋወርን ሐሳብ ሙሉ የሚያደርገው ሌላው ሥራቸው ነው። በ1332 በስዋንዚ ከተማ በቅዱስ ዴቪድ ስም አንድ የነዳያን መጠለያ አቋቋሙ። ለዓይነ ስውራን፣ ለአቅመ ደካሞችና ለድኾች፣ ካህን ሆነ ምእመን ሳይለይ፣ መኖሪያ እንዲሆን ነው። ቄሶችም ተመደቡለት። የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ቻንስለር የነበሩት እኚህ ሊቅ፣ ወደ ቤተ መንግሥታቸው መምጣት የማይችለውን ሰው ባለበት ከተማ ቤት ሠሩለት።

በካቴድራሉ ውስጥ ደግሞ መዘምራኑን ከሕዝቡ የሚለየውን የድንጋይ ግርዶሽ አሠሩ። ይህ ሥራ ከላይ ካልኩት ጋር የሚጋጭ ይመስላል፤ አዳራሽ የከፈቱ ሰው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ግድግዳ አቆሙ። ለመቃብራቸው የመረጡት ቦታ ግን ከግርዶሹ ወዲያ፣ ከመሠዊያው አጠገብ፣ አይደለም። ያረፉት በግርዶሹ ውስጥ፣ ሕዝቡ ባለበት በኩል ነው።