የሮቢት ጓሮ የጤና ጉዳይ ነው

በእኛ በሮቢት ሰው ጭንቀቱን በስሙ አይጠራም። «ራሴን ይወቅረኛል፣ ልቤ ይመታብኛል፣ እንቅልፍ እምቢ አለኝ» ብሎ ነው የሚመጣው። እኔ ነርስ ነኝ። ግፊቱን እለካለሁ፣ ወባ እንዳለበት ደሙ ይታያል፣ ስኳሩም ይታያል። ውጤቱ ሁሉ ደህና ሆኖ ሰውየው ግን ደህና ሳይሆን ሲቀር ወንበሬን ጠጋ አድርጌ ስለ ቤቱ እጠይቃለሁ። ጨዋታው ብዙውን ጊዜ ወደ 2013 ዓ.ም ይሄዳል። በዚያ ዓመት ጥቅምት ላይ የበረሃ አንበጣ የደረሰ ማሽላችንን በላው፤ ሐምሌ ላይ ደግሞ የሰሜኑ ጦርነት ራያ ቆላ ገባ። በማግስቱ ዓመት፣ ነሐሴ 2014፣ ተመልሶ መጣ። የሞተ ልጅ፣ የተነዳ በሬ፣ የተዘረፈ ሱቅ፣ ከነልጆች የተሰደዱበት መንገድ፤ ሁሉም በተራ ይወጣል።

ለዚህ ሁሉ በእጄ ያለው መድኃኒት ጥቂት ነው። ለከባድ ድብርት የሚታዘዝ እንክብል አለ፤ የሚያስፈልገው ሰው መውሰድ አለበት። ራሱን ለመጉዳት የሚያስብ ሰው ደግሞ ያለ አንዳች መዘግየት ወደ ሐኪም ቤት መምጣት አለበት። ከእነዚህ ውጪ ያለው ግን እጅግ ብዙ ሕዝብ ነው፤ እየበላና እየሠራ ውስጡ የተጎዳ። ለዚህ ሰው ደጋግሜ የምለው ጓሮህን ቆፍር ነው፤ ሦስት መደብ ትበቃለች። ይህን የምለው ላጽናናው ብዬ አይደለም። የጓሮ አትክልት ሮቢት ላይ እንደ ክትባትና እንደ መጸዳጃ ቤት የጤና ሥራ ሆኖ ሊያዝ፣ ውሃም ሊመደብለት ይገባል ብዬ አምናለሁ።

ይህን ስናገር ቶሎ የሚመጣ መልስ አለ፦ «ገበሬን ቆፍር ትይዋለሽ? ቀኑን ሙሉ ሲቆፍር የሚውለው ማን ሆነና!» ጥያቄው እውነተኛ ነው፤ መልሱ ግን እርሻና ጓሮ አንድ አለመሆናቸው ነው። የእኛ አገር እርሻ በራሱ ጭንቀት ነው። ከዞብል ተራራ ወዲህ ያለው ሜዳ ወደ 1,500 ሜትር ከፍታ ላይ የተዘረጋ ሞቃት መሬት ነው፤ ዝናቡ ዘግይቶ ይገባል፣ ቀድሞ ይወጣል። ማሽላው የሚድነው ከምዕራቡ ተራራ የሚወርደው ጎርፍ በጊዜው ተጠልፎ ማሳው ውስጥ ከገባ ነው። የሆርማት ወንዝ ሌሊት ሲሞላ ሰው ከእንቅልፉ ተነሥቶ ይሮጣል። ጎርፉ ከቀረ እህሉ ይቀራል፣ ከበዛም ማሳውን ይዞት ይሄዳል። በቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት ጉድጓድ ተቆፍሮ በጠብታና በርጭት ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለማውም ቢሆን አላረፈም። መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል፣ ሽንኩርቱ ሲደርስ ዋጋው ይወድቃል፣ የዘርና የኬሚካል ብድሩ ግን አይወድቅም። በዚህ መሀል የሚደክም ሰውነት ይጠነክር ይሆናል፤ ልቡ ግን አያርፍም።

ጓሮው ሌላ ነው። ጎመን በተተከለ በሁለት ወር ውስጥ ቅጠሉ ይቀነጠባል፣ ቆስጣ ከዚያም ቀድሞ ይደርሳል። የሚጠፋ ቢጠፋ አንድ መደብ ነው፤ ዕዳ የለበትም፣ ደላላ አይመጣበትም። ሁሉን ነገር ሌላው የወሰነበት ሰው፣ ሽሽቱንም መመለሱንም ራሱ ያልመረጠው ሰው፣ ዛሬ ምን እንደሚተክል፣ የትኛውን ውሃ እንደሚያጠጣ፣ የትኛውን እንደሚነቅል ራሱ ይወስናል። በኔ ግምት ትልቁ ፈውስ እዚህ ላይ ነው ያለው።

ደግሞም ሮቢት የገበሬ ብቻ ከተማ አይደለችም። ከወልዲያ ወደ ቆቦ የሚያልፈው አስፋልት ዳር ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ የሚውል ባለ ሱቅ አለ፤ ልብስ ሰፊ አለ፤ ከባጃጁ የማይወርድ ወጣት አለ፤ መምህር አለ፤ እንደኔ ያለ ሠራተኛም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ ጎልማሳ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ሰውነቱን የሚያነቃቃ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ይመክራል። እኛ ጋ ጎልማሳ ሰው ማለዳ ሲሮጥ ቢታይ «ምን ነካው?» ይባላል። ሲቆፍር፣ ውሃ በባልዲ ሲሸከም፣ ቁጢጥ ብሎ ሲያርም ግን ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ግፊትና ስኳር ከከተማ ሰው አልፎ ወደ እኛ በመጣበት ዘመን ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በዕድሜ የገፉ እናቶችና አባቶችም ቁጢጥ ብለው በተነሡ ቁጥር ጉልበታቸውን፣ ጭናቸውንና ሚዛን መጠበቃቸውን ያሠለጥናሉ፤ የሽማግሌ ትልቁ ጠላት መውደቅ መሆኑን ዳሌው የተሰበረ ሰው ያስታመመ ሁሉ ያውቀዋል።

ምግቡም አለ። ይኸው ድርጅት በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ ይላል፤ የእኛ ገበታ ግን የማሽላ እንጀራና ሽሮ ነው። የሚያሳዝነው፣ ሽንኩርቱና ቲማቲሙ በአይሱዙ ተጭኖ በደጃችን ወደ ሌላ አገር ሲያልፍ የአምራቹ ልጅ አረንጓዴ ቅጠል የሚበላው በስንት አንዴ መሆኑ ነው። ጓሮ ላይ ያለ ጎመን ግን ገበያ አይጠብቅም። ጎመኑ ላይ ሎሚ ጠብ ማድረግ በውስጡ ያለውን ብረት ሰውነት እንዲወስደው ይረዳል፤ ሻዩንና ቡናውን ደግሞ ከምግቡ ትንሽ ማራቅ ነው፣ በተለይ ለነፍሰ ጡር። ዱባ፣ ካሮትና ፓፓያ ለዓይን የሚበጀውን ቫይታሚን ኤ ይሰጣሉ፤ ዱባው ላይ ጠብታ ዘይት ካለ ይበልጣል። በቤቱ ጥግ ለልጆች ጥንቅሽ፣ በደጁ ጤና አዳምና በሶብላ፣ በአጥሩ ሥር ሽፈራው፤ ይህን ለማብቀል ሄክታር አያስፈልግም። መሬት የሌለው ተከራይም በማዳበሪያ ጆንያ አፈር ሞልቶ ጎኑን እየበሳ ጎመንና ቆስጣ ማብቀል ይችላል።

ስለ አእምሮው ግን ማስረጃሽ ምንድን ነው የሚለኝ ባልደረባ አይጠፋም። አለ። በኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች የአትክልት መደብ ያላቸውን 30 ሰዎች አስጨናቂ ፈተና አስፈተኗቸው። ከፈተናው በኋላ ግማሾቹ ለ30 ደቂቃ መደባቸው ላይ እንዲሠሩ፣ ግማሾቹ ቤት ውስጥ እንዲያነቡ ተደረገ። ኮርቲሶል የተባለው የጭንቀት ሆርሞን በሁለቱም ወገን ወረደ፤ አፈር በነኩት ግን የበለጠ ወረደ፣ የተረበሸው ስሜታቸውም ሙሉ በሙሉ ተመለሰ። ይህ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ነው። በ2023 ደግሞ ከአሜሪካዋ ዴንቨር ከተማና ከአካባቢዋ የወጣ ሰፊ ጥናት አለ። ባለፉት ሁለት ዓመታት አትክልት ያላለሙ 291 ሰዎች በዕጣ ተከፍለው ገሚሱ መደብ ተሰጠው፣ ገሚሱ እንዲጠብቅ ተደረገ። መደብ የደረሳቸው ከሌሎቹ ይበልጥ አሰር ያለው ምግብ በሉ፣ በሳምንት 42 ደቂቃ ያህል ይበልጥ ተንቀሳቀሱ፣ ጭንቀታቸውም ቀለለ። ከመነሻው የበለጠ የተጨነቁት ነበሩ የበለጠ የተጠቀሙት። እነዚያ ሰዎች ጦርነት አላለፈባቸውም፤ አፈርና ቅጠል በሰው ላይ የሚሠራው ሥራ ግን አገር የሚለይ አይመስለኝም።

የዓለም ጤና ድርጅት በመከራ ላለፉ ሰዎች እንዲሆን እ.ኤ.አ. በ2016 ያሳተመው አጭር የምክር መመሪያ አለ። ባለሙያ በሌለበት ቦታ የሠለጠነ ተራ ሰው እንዲሰጠው የተዘጋጀ ነው፤ አራት ነገር ያስተምራል፦ ትንፋሽን አረጋግቶ ሰውነትን ማሳረፍ፣ ሊፈታ የሚችለውን ችግር ለይቶ መያዝ፣ ከተውት ሥራ ወደ አንዱ በትንሽ በትንሹ መመለስ፣ ከሰው ጋር መልሶ መጠጋጋት። ሦስተኛውና አራተኛው ጓሮ ላይ በአንድ ጊዜ ይገኛሉ። ድብርት ሰውን ከሥራ ያርቀዋል፤ ከሥራ መራቁ ደግሞ ድብርቱን ያከብደዋል። ይህን ሰንሰለት ለመበጠስ የሚያስፈልገው ትንሽ፣ ቅርብ፣ በየቀኑ የሚጠራ ሥራ ነው። ልጇን ያጣች አንዲት እናት አውቃለሁ። ለቅሶው ካበቃ በኋላ ከቤት መውጣት አቅቷት ነበር፣ ጎረቤት ሁሉ እየመጣ «አብሽሪ» ሲላት ዝም ትል ነበር። የአማቷ ልጅ ደጇ ላይ በሶብላና ጥቂት የቃሪያ ችግኝ ተከለችላት፤ አጠጪልኝ ብላት ሄደች። ችግኙን ለማጠጣት ስትል ወጣች። አሁን ጎረቤቶቿ ችግኝ የሚጠይቁት እሷን ነው። ሐዘኗ አለ፤ ስለ ልጇ ስታወራ ዛሬም ታለቅሳለች። ግን ታወራለች፣ ትበላለች፣ ትተኛለች።

ጓሮ ጥንቃቄም ይፈልጋል፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ባለሙያ አልባልም። የመጀመሪያው ኬሚካል ነው። ለማሳ ሽንኩርት የሚረጨውን መድኃኒት ወደ ጓሮ ጎመን ይዞ መምጣት፣ በባዶ ዕቃው ውሃ ወይም ዘይት መያዝ እያየሁት ያለ ነገር ነው። ጎመን ላይ ለሚወጣው ቅማል ውሃ በኃይል መርጨት፣ ቀለል ያለ የሳሙና ውሃ፣ የተዘፈዘፈ የኒም ቅጠል መሞከር ይቻላል። ማሳ ያለው ሰውም ኬሚካሉን ከቤት አርቆ ይቆልፍ፤ ከሕፃን ብቻ ሳይሆን ተስፋ በቆረጠበት ሰዓት ካለ ትልቅ ሰውም ጭምር። ሁለተኛው ወባ ነው። አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለች ከሌላ አህጉር የመጣች የወባ ትንኝ እ.ኤ.አ. በ2016 በሶማሌ ክልል ቀብሪደሃር ተገኝታለች፤ ይህች ትንኝ ከተማ ውስጥ በበርሜልና በጋን ውሃ ትራባለች። እንግዲህ ለአትክልት ብሎ ውሃ የሚያጠራቅም ሁሉ ይክደን፣ ዕቃውንም በየሳምንቱ ገልብጦ ይጠብ።

አሁን ወደ ውሃው። ሮቢት ላይ በበጋ ጓሮ የሚደርቀው ሰው ስለሰነፈ አይደለም። ከቦኖ ወረፋ ጠብቃ ጀሪካን የምታመጣ ሴት መጀመሪያ የምታስበው ለእንስራዋ ነው። የዕቃና የእጅ ማጠቢያ ውሃ ለጥቂት መደብ ይበቃል፤ እኔም ቤቴ ያለውን የማጠጣው በዚያ ነው፤ ሳሙና የበዛበትን ብቻ ወደ ፓፓያው እመልሰዋለሁ። ከዚህ በላይ ግን የመስኖው ውሃ ድርሻ ያስፈልጋል። በየጉድጓዱ ያሉ የውሃ ተጠቃሚ ማኅበራትና የውሃ አባቶች ተራ ሲያወጡ ማሳ ላላቸው ብቻ ነው የሚያወጡት። ማሳ ለሌላቸው፣ ለባልቴቶች፣ ከስደት ተመልሰው በኪራይ ለሚኖሩ በሳምንት ጥቂት ሰዓት ወደ አንድ የጋራ መደብ እንዲለቀቅ እጠይቃለሁ፤ ከሽንኩርቱ የሚቀንሰው ጥቂት ነው፤ በጠብታ መስኖ ከተመራ ደግሞ ከዚያም ያነሰ ይሆናል።

ሌላው ጥያቄዬ ለራሴ ሙያ ነው። የጤና ተቋማት ግቢ ብዙ ጊዜ ሰፊና ባዶ ነው፤ አሸዋና ደረቅ ሣር። ሮጀር ኡልሪክ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተመው ጥናት፣ አሜሪካ ውስጥ የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና አድርገው በመስኮታቸው ዛፍ የሚያዩ ሕሙማን የጡብ ግድግዳ ከሚያዩት ቀድመው ወደ ቤታቸው እንደሄዱና ጠንካራ ማስታገሻ ያነሰ እንደወሰዱ አሳይቷል። ማየቱ ብቻ ይህን ካደረገ፣ ግቢያችን ውስጥ የችግኝ መደብ ኖሮ ያ «እንቅልፍ እምቢ አለኝ» የሚለው ሰው በሳምንት አንድ ቀን ከሌሎች ጋር ቢሠራበት ምን ይሆናል? ሲሄድ ከመድኃኒቱ ጋር የጎመንና የቃሪያ ችግኝ ይዞ ይሄዳል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ቤት ለቤት ስትዞር ሰላም ብላ የምትጠይቀው ነገር ይኖራታል፦ ችግኙ ያዘ? ችግኙ ካልያዘ፣ መደቡም አረም ከዋጠው፣ ሰውየው መልሶ እየተጎዳ መሆኑን ከአፉ ሳይወጣ ታውቃለች።

ሠራተኛ ከየት ይመጣል ለሚለው ቅሬ አለን። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ሲሞትበት የሚቀብረው፣ ድንኳን የሚተክለው፣ ውሃ የሚቀዳው ቅሬው ነው። አጥር የሚያጥር፣ መደብ የሚያወጣ፣ ፍግ የሚያመጣ ጉልበት እዚያ አለ። ቅሬው ለሟች የሚያደርገውን ለቆሰለ ሰውም ያድርግ ብዬ በተገኘሁበት ሁሉ ጠይቄያለሁ፤ በመርሕ የተቃወመኝ የለም። የሚያከራክረን ዘርና ውሃ ነው። ዘሩ ከወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ሊመጣ ይችላል።

ክረምቱ መስከረም ላይ ሲያቆም መሬቱ ገና ርጥበት ይዟል፤ ችግኝ የሚተከለው ያኔ ነው። ለዚያ እንዲደርስ የጎመንና የቃሪያ ዘር ከሐምሌ መጨረሻ እስከ ነሐሴ መጀመሪያ ችግኝ መደብ ላይ መዘራት አለበት። የውሃ ማኅበሩ፣ ጤና ጣቢያውና ቅሬው እንግዲህ ከሰኔ በፊት ተቀምጠው ተራውን፣ ቦታውንና ሰዉን ይለዩ።