ልጅዎ ብቻውን የሚያነበውን የሳይንስ መጽሐፍ እንዴት ይመርጣሉ?

በዚህ ወር ዓምዳችን ስለ መጽሐፍ እናወጋለን። ይኸውም ለፈተና ስለሚጠና መጽሐፍ ሳይሆን፣ ገና ማንበብ የጀመረ ልጅ አጠገቡ ማንም ሳይኖር ገልጦ ስለሚያነበው የሳይንስ መጽሐፍ ነው። ወደዚህ ርዕስ ያመጣን በገዛ ቤታችን የደረሰ ነገር ነው።

እንደምታስታውሱት በ2017 ዓ.ም. ከመስከረም ወር ጀምሮ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬት ስትንቀጠቀጥ ከረመች። ንዝረቱ እኛ ዘንድ አዳማ፣ አልፎም አዲስ አበባ ድረስ ይሰማ ነበር። የካቲት 7 ቀን ዓርብ ሌሊት መጠኑ 6.0 የደረሰው መንቀጥቀጥ ሲከሰት የብርጭቆዎቹ መንኳኳት ከእንቅልፋችን ቀሰቀሰን። የስምንት ዓመቱ ልጃችን እየሮጠ መጣና መሐላችን ገባ። አቅፈን ካረጋጋነው በኋላ ቀስ ብሎ፣ «አባዬ፣ ዐስር ሳልሰግድ ሰግጃለሁ ብዬ ስለዋሸሁ ነው?» አለን።

ያኔ በፈንታሌ ዙሪያ በአስር ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ከቤቱ እየተፈናቀለ ነበር። እኛ ቤት ደግሞ አንድ ሕፃን ያን ሁሉ መከራ በራሱ አንዲት ውሸት ላይ ቆልሎ ሌሊቱን ሲሰቃይ አደረ። ሰፈር ውስጥ ትልልቅ ሰዎች ሲነጋገሩ የሰማውን ለራሱ ተርጉሞት ኖሯል።

የምናውቀውን ነገርነው። ውሸቱን አላህ ይቅር እንዲለው እንዲለምንና ዳግመኛ እንዳይዋሽ መከርነው። መንቀጥቀጡ ግን ሌላ ምክንያት እንዳለው አስረዳነው። የምንኖርበት ስምጥ ሸለቆ የምድር ቅርፊት ቀስ በቀስ የሚለያይበት ቦታ ነው። በዓመት የሚሰፋው አምስት ወይም ስድስት ሚሊ ሜትር ያህል፣ ከእርሳስ ውፍረት እንኳ ያነሰ ነው። በዚያ ሰሞን ደግሞ ከሥር ያለው ቅልጥ ዐለት በስንጥቁ ውስጥ እየገፋ ሲሄድ በዙሪያው ያለውን ዐለት ይሰብረው ነበር፤ እኛ የሚሰማን የዚያ ስብራት ንዝረት ነው። ልጁም ሰማን፤ ነገር ግን በማግስቱም ሌሊት፣ በሣልስቱም ያንኑ ጠየቀን። የቃል መልስ በቀን ያጽናናል፣ ሌሊት ይጠፋል። በፈለገ ጊዜ ራሱ ገልጦ የሚያየው ነገር እንደሚያሻው የገባን ያኔ ነው።

መጽሐፍ ፍለጋ

በመምህርነት ሙያ ላይ ያለን ሰዎች ስለሆንን ነገሩ ቀላል መስሎን ነበር። መጻሕፍት መሸጫ ስንዞር ግን በብዛት ያገኘነው ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው ከውጭ የመጣ፣ ሥዕሉ የሚያምር፣ ዋጋው የሚያስደነግጥና በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው። ሁለተኛው ጥያቄና መልስ ብቻ የታጨቀበት አጋዥ መጽሐፍ ነው። ሦስተኛው ስለ ፍጥረት ድንቅነት እያወሳ ነገሩ እንዴት እንደሚሆን ግን አንዲት መስመር የማያስረዳ ነው። አንደኛውን ገዝተን ቤት አመጣነው። ልጁ ሥዕሉን ሁለት ቀን አገላበጠና ተወው። ጥፋቱ የእኛ ነበር፤ መጽሐፉን የመረጥነው ለእርሱ ሳይሆን ለራሳችን ዓይን ነበርና። ከዚህ ስሕተት በኋላ የተማርነውን ነው የምናካፍላችሁ።

በየትኛው ቋንቋ?

የአዳማ ልጅ ከስንት ፊደል ጋር እንደሚታገል እስቲ አስቡት። በአፋን ኦሮሞ የሚማር ከሆነ ቁቤ፣ በአማርኛ የሚማር ከሆነ ፊደል፣ መድረሳ ሲሄድ አሊፍ ባ፣ በዚያ ላይ እንግሊዝኛ አለበት። ሞጆም፣ መተሐራም፣ ባቱም ብትሄዱ እንዲሁ ነው። በ2002 ዓ.ም. በአገራችን በተካሄደው የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ በትክክል ማንበብ አልቻሉም ነበር፤ ያውም በሚማሩበት ቋንቋ። እንግዲህ ፊደል መለየት ገና ሸክም በሆነበት ልጅ ላይ ባዕድ ቋንቋ ስንጨምርበት ለሳይንሱ የሚተርፍ ጉልበት ከየት ያመጣል?

ስለዚህ ብቻውን የሚያነበው መጽሐፍ ቤት ውስጥ በሚነጋገርበትና ማንበብ በለመደበት ቋንቋ ይሁን። እንግሊዝኛው አይቅር፤ እሱን አብራችሁት አንብቡ። አንድ ቤት ሁለቱም ዓይነት መጽሐፍ ያስፈልገዋል፤ ስሕተቱ ሁለቱን ማምታታት ነው።

መለያው የአምስት ጣት ፈተና ነው። ልጁን ይዛችሁ ሂዱ። ከመጽሐፉ መሐል አንድ ገጽ ገልጣችሁ ድምፁን አውጥቶ ያንብብላችሁ። ማንበብ ያቃተው ወይም ያልገባው ቃል በገጠመው ቁጥር አንድ ጣት ይጠፍ። ገጹ ሳያልቅ አምስቱም ከታጠፉ ያ መጽሐፍ አብራችሁት የምታነቡት ነው። አንድ፣ ሁለት ወይም ሦስት ከሆነ ደኅና ነው፤ አዲስ ቃል ይማርበታልና። ከዚያም «ምን ይላል?» ብላችሁ ጠይቁት። በራሱ አነጋገር ከመለሰላችሁ መጽሐፉ የእርሱ ነው።

እውነቱን መርምሩ

ቋንቋው የቀለለ ሁሉ እውነት አይደለም። እናንተ በደንብ የምታውቁትን ነገር የሚያወሳ አንድ ገጽ ፈልጋችሁ አንብቡ። በአንድ የትርጉም መጽሐፍ ውስጥ በክረምት በረዶ መሬቱን እንደሚሸፍንና ዛፎች ቅጠላቸውን አራግፈው እንደሚቆሙ ተጽፎ አይተናል። የአዳማ ልጅ ክረምትን የሚያውቀው በዝናብና በለምለም ሣር ነው። ተርጓሚው የባዕዱን ብርዳማ ወቅት «ክረምት» ብሎ አለፈውና ልጁ ወይ መጽሐፉን ወይ ዓይኑን ማመን ግድ ሆነበት። በእኛ አገር በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ያህል ብቻ እንደሆነ፣ ወደ ሰሜን በተሄደ ቁጥር ግን ልዩነቱ እንደሚሰፋ የሚነግረው መጽሐፍ ቢያገኝ ሁለቱንም ባመነ ነበር።

ዕድሜውንም ተመልከቱ። ፕሉቶ ከፕላኔቶች ተርታ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው፤ ፕላኔቶች ዘጠኝ ናቸው የሚል መጽሐፍ ካገኛችሁ ከዚያ በፊት የተጻፈ ወይም ከአሮጌ የተቀዳ ነው። ሥዕሉንም እዩ። የፀሐይ ወርድ የምድርን 109 ጊዜ ያህል ይሆናል። ይህን በአንድ ገጽ በልኩ መሣል ያስቸግራል፤ ጥሩ መጽሐፍ «ሥዕሉ ልኩን አይደለም» ብሎ ይናገራል።

ሃይማኖትና ሳይንስ በአንድ መደርደሪያ

እኛ ጠዋት በመድረሳ ቀርተን ከሰዓት በመንግሥት ትምህርት ቤት ተምረን ያደግን ነን። መድረሳ ሳለን ኡስታዛችን የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ልጅ የኢብራሂምን ሞት ያወጉን ነበር። በዚያን ዕለት ፀሐይ ስለ ተጋረደች ሰዎች ለኢብራሂም ሞት ነው ቢሉ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ፀሐይና ጨረቃ የአላህ ተአምራት እንደሆኑና ለማንም ሞት ወይም ሕይወት ሲሉ እንደማይጋረዱ አስተማሩ፤ ሰዉንም ወደ ሶላት ጠሩት። ትምህርት ቤት ደግሞ መምህራችን ጨረቃ በፀሐይና በምድር መካከል ስትገባ በጥቁር ሰሌዳ ሣሉልን። ሁለቱ ትምህርቶች እንደማይጣሉ የነገረን ግን አልነበረም፤ ለብዙ ዓመታት በሁለት ኪስ ይዘናቸው ዞርን።

ያ ታሪክ በልጃችን ጥያቄ ሌሊት ትዝ አለን። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በልጃቸው ሐዘን ላይ ሆነው እንኳ ሐሰተኛውን ምክንያት አልተቀበሉም። ታዲያ እኛ ለልጃችን ሐሰተኛ ምክንያት የሚሰጥ መጽሐፍ እንዴት እንገዛለን? በመንቀጥቀጥ ጊዜ ዱዓ ማድረግ እንዳለ ሆኖ፣ ምድር ለምን እንደምትንቀጠቀጥ ማወቅ ኢማንን አይቀንስም።

እዚህ ላይ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን እንዳይቀየሙን እየለመንን አንድ ነገር እንጨምር። እያንዳንዱን የሳይንስ ግኝት ወስዶ ከቁርኣን አንቀጽ ጋር የሚያጣብቅ የልጆች መጽሐፍ አንመርጥም። ሳይንስ የትናንቱን ዛሬ ያርማል፤ ፕሉቶን አይታችኋል። ያ እርማት በመጣ ቀን ልጁ የተሳሳተው የመጽሐፉ ጸሐፊ መሆኑን ትቶ ሌላ ነገር እንዳይጠረጥር ያሰጋናል።

ወደ ውጭ የሚያስወጣ መጽሐፍ

የኢብን አል ሀይሠምን ስም የሚያወድሱ መጻሕፍት አሉ፤ ይበል። በበስራ ተወልዶ በካይሮ የሠራውና ከ1,000 ዓመት ገደማ በፊት ስለ ብርሃን የጻፈው ይህ ዓሊም ግን የሚወደደው ነገሩን በሙከራ እየፈተሸ በማየቱ ነው። ስሙን ብቻ ከሚያሸመድድ መጽሐፍ ይልቅ፣ ካርቶን ወስደህ በአንድ ጎኑ በመርፌ ብሳ፣ በተቃራኒው ጎን ስስ ወረቀት ለጥፍና ወደ ውጭ አነጣጥረህ እይ የሚለው ይሻላል። ልጃችን በረንዳ ላይ ጨርቅ ተከናንቦ ይህን ሲያደርግ የጎረቤታችንን ቤት ተገልብጦ አየው፤ ብርሃን በቀጥታ መስመር ስለሚሄድ ነው። ያን ቀን ምሳ የበላው ለምነነው ነው።

አካባቢያችን ራሱ የተገለጠ መጽሐፍ ነው። ከአዳማ በላይ የቆሙት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች በሁለቱ ጣቢያ 136 ናቸው፤ እያንዳንዳቸው 1.5 ሜጋ ዋት ያመነጫሉ። ሶደሬ ፍል ውኃው ያለ እንጨት ይፈላል። የላንጋኖ ውኃ ቡናማ ነው፣ የሻላ ጨዋማ፣ የደንበል ሊጠጣ የሚችል። ስለ ሩቅ አገር እሳተ ገሞራ የሚያወሳ መጽሐፍ መጥፎ አይደለም፤ ነገር ግን ልጁ አንብቦ ሲጨርስ «የእኛስ የቱ ነው?» ብሎ ካልጠየቀ ሥራው አልተፈጸመም። መልሱን እናንተ ስጡት፤ የመተሐራውን ፈንታሌ አሳዩት።

የገንዘቡ ነገር

አንድ ቤተሰብ ብቻውን ብዙ መጽሐፍ መግዛት እንደሚከብደው እናውቃለን። እኛ ከአራት ጎረቤቶች ጋር ተስማምተን እያንዳንዳችን አንድ የተለየ መጽሐፍ ገዛን፤ ልጆቹ ቅዳሜ ከቂርኣት ሲወጡ ይለዋወጣሉ። በሐዋሳ የአቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ተቋም መጻሕፍትን በአህያ ጋሪ እየጫነ ለልጆች ያደርስ እንደነበር ይታወቃል። ጋሪ ከበቃ፣ የአንድ ሰፈር ልጆች ቦርሳ አያንስም።

ያገኘነው መጽሐፍ በመጨረሻ አንዲት ቀጭን፣ ወረቀቷ ሻካራ የሆነች፣ ስለ ምድር የምታወሳ የአማርኛ ደብተር መሰል ነበረች። ስለ ስምጥ ሸለቆ ያላት ሁለት ገጽ ብቻ ነው። እኛም በባዶው ገጽ ላይ የፈንታሌንና የአዳማን ካርታ በእርሳስ ሣልንበት። ከጊዜ በኋላ አንድ ምሽት ከመግሪብ በኋላ ቀላል ንዝረት ሲሰማ ታናሽ እህቱ አለቀሰች። እርሱ መጽሐፉን ከትራሱ ሥር አውጥቶ አጠገቧ ተቀመጠና ጣቱን እያስኬደ አነበበላት። አንድ ቃል ላይ ሲደናቀፍ ልንረዳው አልን፤ «ቆዩ፣ እኔው ራሴ» አለን። ቆየን።

አላህ ለልጆቻችን ጠቃሚ ዕውቀትን ይስጣቸው። እስከሚቀጥለው ወር ድረስ፣ ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።