የሌባው ዕዳ ለዓይነ ስውሩ

አንድሮይድ ስልክ ሴቲንግ ውስጥ «ተደራሽነት» የሚል ክፍል አለ። ፊደል ለማተለቅ ካልሆነ ብዙ ሰው አይገባበትም። እዚያ ገብቶ አንድን አፕ ሊያበራ የሞከረን ሰው ግን ስልኩ ራሱ ያስቆመዋል፤ ይህ አፕ ስልክህን ሙሉ በሙሉ እንዲቆጣጠር ትፈቅዳለህ ወይ ብሎ ይጠይቀዋል። ከተፈቀደለት አፑ ስክሪን ላይ ያለውን ያያል፣ በባለቤቱ ምትክ ይነካል፣ ይጽፋል። የካሜራ ፈቃድ ካሜራውን ብቻ ነው የሚሰጠው፤ ይህኛው ሁሉንም። እኛ ግን ካሜራውን ሲጠይቁን እንጠራጠራለን፣ ይህንን ሲጠይቁን ሳናነብ «ፍቀድ» ብለን እናልፋለን።

ፈቃዱ የተፈጠረው ለበጎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 አንድሮይድ 1.6 ሲወጣ አብሮት የመጣው ቶክባክ ማየት የተሳነው ሰው ስልኩን በጆሮው እንዲጠቀም አደረገ። ጣት ስክሪኑን ሲነካ ሲስተሙ ለቶክባክ ያሳውቃል፤ ቶክባክ የተነካው ነገር ምን እንደሆነና ምን እንደተጻፈበት ጠይቆ መልሱን ለድምፅ ማመንጫው ያቀብላል፤ ሰውየው ይሰማል፣ የፈለገው እሱ ከሆነ ሁለት ጊዜ መታ ያደርጋል። ይህ እንዲሆን አገልግሎቱ ሌሎች አፖች ስክሪን ላይ ያወጡትን ሁሉ ማየት አለበት። ደግሞም አንድ አፍታ እንኳ መተኛት አይችልም፤ እሱ ከተኛ ስልኩ ዲዳ ነው።

ነገሩ የተጣመመው አንድም በዚህ በአለመተኛቱ ነው። ጎግል ባትሪ ለመቆጠብ ሲል ከአንድሮይድ 6 (2015) ጀምሮ ከጀርባ የሚሠሩ አፖችን ማስተኛት ጀመረ፤ በአንድሮይድ 8 (2017) ደግሞ ገደቡን አጠበቀው። ተጠቃሚው የዘጋው አፕ ብዙም ሳይቆይ ሥራው ይቋረጣል። የተደራሽነት አገልግሎትን ግን የሚያስነሳውም ይዞ የሚያቆየውም ሲስተሙ ነው፤ እንደ ተራ አፕ አያስተኛውም። አፓቸው ከጀርባ እንዳይሞት መላ ሲፈልጉ የነበሩ ዴቨሎፐሮች ይህን አዩ። ፓስወርድ የሚሞሉ፣ ስልክ ጥሪ የሚቀዱ፣ ሥራን በራስ ሰር የሚያከናውኑ አፖች ሁሉ ከዓይነ ስውራን ጋር ምንም ሳይገናኙ በዓይነ ስውራን ፈቃድ መሥራት ጀመሩ። አብዛኞቹ ክፋት አልነበረባቸውም። ሌላ መንገድ ስላልተሰጣቸው ነው።

ለእኛ አገር ቅርብ የሆነው ምሳሌ ዩኤስኤስዲ ነው። በ*889# ወይም በ*127# ገንዘብ ያስተላለፈ ሰው ማውጫው ደረጃ በደረጃ እንደሚሄድ ያውቃል፤ 1 በል፣ ቁጥር አስገባ፣ መጠን አስገባ፣ ፒን አስገባ። አንድሮይድ 8 ለአፕ የፈቀደው አንድ ጥያቄ ልኮ አንድ መልስ መቀበልን ብቻ ነው። ከዚያ በላይ የሚሄደውን ማውጫ በራስ ሰር ማስኬድ ለፈለገ ዴቨሎፐር የቀረው የተደራሽነት አገልግሎት መጻፍ ነው፤ ብቅ የሚለውን ሳጥን እያነበበ፣ ቁጥሩን እየሞላ፣ «ላክ»ን እየነካ ይቀጥላል። ለዚህ የሚሆን በነፃ የተለቀቀ ኮድ ስላለ ሥራው ከባድ አይደለም። የአየር ሰዓት ለሚሸጥ፣ በቀን ብዙ ጊዜ ያንኑ ማውጫ ለሚደጋግም ሰው እፎይታ መሆኑንም አልክድም። ችግሩ ፒኑም የሚጻፈው እዚያው ሳጥን ውስጥ መሆኑ ነው። ያ አገልግሎት ሌሊትም በርቶ ነው የሚያድረው። ዛሬ የሚያነበው የአንዱን ማውጫ ብቻ ቢሆን ነገ በአንድ አፕዴት የባንኩን አፕ፣ የቴሌግራሙን መልእክት፣ በኤስኤምኤስ የመጣውን ኮድ ማንበብ ይችላል፤ ለባለቤቱ አዲስ የፈቃድ ጥያቄ አይቀርብለትም።

ጠንቃቃ ዴቨሎፐር ይህን ራሱ መገደብ ይችላል። አገልግሎቱ ሲጻፍ አብሮት በሚሄደው ትንሽ የኤክስኤምኤል ፋይል ላይ የየትኞቹን አፖች ክስተት እንደሚሰማ፣ የትኛውን ዓይነት ክስተት እንደሚፈልግ፣ የስክሪኑን ይዘት ማንበብ ያስፈልገው እንደሆነ ይጻፋል። ስንፍና ሲመጣ «ሁሉንም» ይባልና ያልፋል። ኮድ ስገመግም መጀመሪያ የማየው ይህንን ፋይል ነው፤ የዴቨሎፐሩን ጠባይ ከየትኛውም የግላዊነት መግለጫ በላይ ይነግረኛል።

ሌቦቹ ዘግይተው አልመጡም። እ.ኤ.አ. በ2017 የጆርጂያ ቴክና የካሊፎርኒያ ሳንታ ባርባራ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች «ክሎክ ኤንድ ዳገር» ብለው በሰየሙት ጥናት፣ ይህ ፈቃድ በሌላ አፕ ላይ ተደርቦ ከሚታይ መስኮት ፈቃድ ጋር ሲገናኝ ስልኩን ከባለቤቱ እጅ እንደሚያወጣ አሳዩ። በ2019 ብቅ ያለውና ለወንጀለኞች በኪራይ ይቀርብ የነበረው ሰርበረስ የተባለ አጥፊ ፕሮግራም በዚሁ መንገድ ገብቶ የባንክ መረጃ ይለቅም ነበር፤ በ2020 መጀመሪያ ደግሞ ከጎግል ኦተንቲኬተር ላይ ሳይቀር ኮድ መስረቅ የሚችል ዓይነቱ ተገኘ። ፍሉቦት የተባለው የአውሮፓን ስልኮች «ዕቃ መጥቶልሃል» በሚል ኤስኤምኤስ ሲያጥለቀልቅ ቆይቶ በግንቦት 2022 የኔዘርላንድ ፖሊስ መረቡን በጠሰው። ሁሉም መጀመሪያ የሚለምኑት አንድ ነገር ነበር፤ «ተደራሽነትን አብራልኝ»።

የጎግል የመጀመሪያ ምላሽ የችኮላ ነበር። በኅዳር 2017 ለዴቨሎፐሮች ደብዳቤ ላከ፤ አገልግሎቱ አካል ጉዳተኛን እንዴት እንደሚረዳ በ30 ቀን ውስጥ አስረዱ፣ አለዚያ አውጡት የሚል። ጩኸት ተነሣና በወሩ ነገሩን አቆየው። ፓስወርድ ለሚሞሉት አፖች በዚያው ዓመት የራሳቸው መንገድ ተከፍቶላቸው ስለነበር ቀስ በቀስ ወደዚያ ሄዱ። እኔ ከዚህ የምወስደው ትምህርት አለ፤ ሕጋዊ ፍላጎት ላለው ሰው ሌላ መንገድ ሳያዘጋጁ ይህን መዝጋት አይሠራም። ጥሪ ቀጂዎቹ ግን ምትክ ሳይሰጣቸው ከግንቦት 2022 ጀምሮ በተደራሽነት አገልግሎት መቅዳት በፕሌይ ስቶር ተከለከሉ፤ ለእነሱ አላዝንም።

ከዚያ በኋላ የመጡት እርምጃዎች የተሻሉ ናቸው። አንድሮይድ 13 ከስቶር ውጭ የተጫነ አፕ ይህን ፈቃድ በቀላሉ እንዳያገኝ አገደ። ሰው በቴሌግራም ኤፒኬ (የአፕ መጫኛ ፋይል) መቀባበልን እንደ ፎቶ መላላክ በሚቆጥርበት አገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ሌቦቹ መዞሪያ አላገኙለትም ማለት ግን አይደለም። አንድሮይድ 14 (2023) ደግሞ ለባንክ ዴቨሎፐሮች የሚሆን ነገር ይዞ መጣ። የፒን መጻፊያውን ወይም የሂሳብ መጠኑን ስሱ ነው ብለው ምልክት ካደረጉበት ይዘቱ የሚደርሰው ለአካል ጉዳተኞች የተሠራሁ ነኝ ብሎ ላስመዘገበ አገልግሎት ብቻ ነው። ከስቶር ውጭ የመጣ አፕ ይህንንም ሊዋሽ ይችላል። ሁለቱ መከላከያዎች ተደርበው ነው የሚሠሩት።

የእኔ ቅሬታ ይህንን ሁሉ መንገድ ትተው በሩን ጥርቅም በሚያደርጉት ባንኮች ላይ ነው። አፕ ሲከፈት ስልኩ ላይ የተደራሽነት አገልግሎት በርቷል ወይ ብሎ መጠየቅ ከአንድ መስመር ኮድ አያልፍም። መልሱ «አዎ» ከሆነ አፑ «ለደኅንነትዎ ሲባል» ብሎ ይዘጋል። ያ መስመር ግን ቶክባክንና ሰርበረስን አይለይም። ሌባውን ፍለጋ የተጻፈው ኮድ ሁልጊዜ የሚያገኘው፣ በየቀኑ ያለማቋረጥ አገልግሎቱን የሚያበራውን ዓይነ ስውር ነው። የበሩትን አገልግሎቶች በስማቸው መዘርዘርና ከስልኩ ጋር የመጣውን ከዛሬ ጠዋት ከተጫነው መለየት የሚያስችል ጥሪ እዚያው አንድሮይድ ውስጥ አለ። በሲንጋፖር ኦሲቢሲ ባንክ በነሐሴ 2023 መከላከያውን ሲያስገባ አፑ ከየት እንደመጣና ምን ፈቃድ እንደያዘ አብሮ ነበር ያየው። ይህም ቢሆን ከደንበኞች ቅሬታ አላመለጠም፤ ሐሳቡ ግን ትክክለኛው ነው።

የባንክ ደኅንነት ሠራተኞች መልስ አላቸው፤ ገንዘብ ሲጠፋ የሚከሰሰው ባንኩ ነው ይላሉ። እውነት ነው። ግን የተዘጋበት ሰውስ ምን ያደርጋል? ስልኩን ለታክሲ ረዳት ወይም ለሱቅ ልጅ ሰጥቶ ፒኑን ጮክ ብሎ ይናገራል። ማንም የደኅንነት ባለሙያ ይህን ከቶክባክ የተሻለ ነው ብሎ አይፈርምም።

ሳይዘጋበት ቀርቶ አፑ የሚከፈትለት ሰው ደግሞ ሌላ ነገር ይጠብቀዋል። ለደኅንነት ተብሎ የአፑ ባለቤቶች ራሳቸው የሠሩት የፒን ሰሌዳ ላይ ቁጥሮቹ ሥዕሎች ከሆኑና ስም ካልተሰጣቸው፣ ቶክባክ ጣቱን ባሳረፈበት ሁሉ «አንሌብልድ፣ በተን» ይለዋል። ቀጥሎም «አንሌብልድ፣ በተን»። አሥሩም ቁጥሮች እንዲሁ ናቸው። ስም የተሰጣቸው ከሆነ ደግሞ ሲስተሙ ሰሌዳው የፓስወርድ መሆኑን ስላላወቀ ፒኑን ጮክ ብሎ ያነበዋል፤ ለዚህ ነው ብዙ ዓይነ ስውራን አንድ ጆሮ ላይ ኢርፎን ሳይሰኩ ባንክ የማይከፍቱት። አንዱን ጆሮ ለመንገዱ ይተዉታል። ሁለቱም ችግር የሚፈታው ከጀርባ በሚሠራ አገልግሎት አይደለም፤ ለያንዳንዱ በተን አንድ ቃል መጻፍና የስልኩን የራሱን የፓስወርድ ሳጥን መጠቀም ይበቃል።

አማርኛውም አብሮ ይታሰብ። ኢስፒክ ኤንጂ የተባለው ነፃ የድምፅ ማመንጫ አማርኛ ያነባል፤ ድምፁ የብረት ነው፣ ግን ይሰማል። አፑ ውስጥ ያለው ጽሑፍ እንደ ፎቶ የተለጠፈ ከሆነ ግን የሚነበብ ነገር የለም።

ደግሞ ከሌባው ይልቅ ዓይነ ስውሩ ላይ የሚከብድ ሌላ ነገር አለ። አንዳንድ ስልኮች ላይ ከፋብሪካ የሚመጣው ባትሪ ቆጣቢ ከጀርባ ያለውን አፕ ከነአካቴው ሲያስቆም የተደራሽነት ፈቃዱም አብሮ ይጠፋል። ዓይነ ስውሩ የመረጠው ማንበቢያ ከስልኩ ጋር ያልመጣ ከሆነ ስልኩ ድንገት ዝም ይላል። ሁለቱን የድምፅ ቁልፎች አንድ ላይ ተጭኖ ማስነሣት የሚቻለው አቋራጩ አስቀድሞ ከተዘጋጀ ነው። ካልተዘጋጀ የሚያይ ሰው መፈለግ ነው።

ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት ዓለም አቀፍ ስምምነት ያጸደቀችው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። የስምምነቱ አንቀጽ 9 ሕንፃንና መንገድን ከመረጃና መገናኛ ቴክኖሎጂ ሳይለይ ነው የሚጠራው። ያኔ ቴሌብር አልነበረም። ዛሬ ነዳጅ ሳይቀር በስልክ በሚከፈልበት ጊዜ ግን የባንኩ በር አፑ ነው። ለቅርንጫፍ ሕንፃ ዊልቸር መግቢያ የሚጠይቅ ሕግ ለአፑም እንዲሁ ሊጠይቅ ይገባል። ብሔራዊ ባንክ የሞባይል አገልግሎት ሲፈቅድ አንድ ተጨማሪ ወረቀት ቢጠይቅ ብዙ አያስወጣም፤ ቶክባክ በርቶ፣ ስክሪኑ ጠፍቶ፣ አፑ ላይ ከምዝገባ እስከ ክፍያ አንድ ዓይነ ስውር ተጠቃሚ ብቻውን 100 ብር ማስተላለፉን የሚያሳይ። ለፈተናው የሚመጣው ሰው ደመወዝ ይከፈለው፤ በነፃ የሚጠራ ታዛቢ መሆን የለበትም።