ከሰሊጥ ዋጋ ላይ ክኒን

ተማሪዎች ሆይ፥ በመተማ ቆላ የሰሊጥ አጨዳ ሲያበቃ ገበሬው ምርቱን ለገበያ ያቀርባል። ሰሊጡም በነጋዴ እጅ አልፎ አብዛኛው ወደ ውጭ አገር ይጓዛል። ከሽያጩ ገንዘብ ላይ ቀንሶ ለአረጋዊ አባቱ «ዕድሜ ያረዝማል» የተባለለትን የማዕድንና የቫይታሚን ክኒን የሚገዛ ልጅ ቢኖር ምን ትሉታላችሁ? ወላጁን የሚወድ ልጅ ነውና ሐሳቡ ያስመሰግነዋል። እኔ ግን ገንዘቡን ለሌላ ነገር ቢያውለው ይሻላል ባይ ነኝ።

ክኒኑን የሚደግፉ ሰዎች ክርክር የሚከተለው ነው። ሰውነት ምግብን ወደ ኃይል በሚለውጥበት ጊዜ ሕዋሳትን የሚጎዱ ነገሮች ይፈጠራሉ። ቫይታሚን ኢ፥ ቤታ ካሮቲንና ሴሊኒየም እነዚህን ለመከላከል ይረዳሉ። እንግዲያው አብዝቶ የወሰዳቸው ሰው እርጅናው ይዘገይለታል ይላሉ። አባባሉ ለጆሮ ይጥማል፤ ፈተናውን ግን አላለፈም። በፊንላንድ አገር 29,133 አጫሽ ወንዶች የተሳተፉበት ጥናት ውጤት በ1994 እ.ኤ.አ. ሲገለጽ፥ ቤታ ካሮቲን የወሰዱት ካልወሰዱት ይልቅ በ18 በመቶ በልጠው በሳንባ ካንሰር ተይዘው ተገኙ። በ2012 እ.ኤ.አ. ደግሞ ወደ 300,000 የሚጠጉ ሰዎች የተሳተፉባቸው 78 ጥናቶች በአንድነት ሲመረመሩ፥ እነዚህ ክኒኖች ዕድሜ እንደሚያረዝሙ የሚያሳይ ማስረጃ ታጣ። እንዲያውም ቤታ ካሮቲንና ቫይታሚን ኢ የሞትን አደጋ ከፍ ሳያደርጉ አይቀሩም ተባለ።

እርግጥ ነው፥ ሌላም ወገን አለ። በስዊድን 443 አረጋውያን በተሳተፉበት ጥናት፥ ሴሊኒየምን ኮኤንዛይም ኪው 10 ከተባለ ንጥረ ነገር ጋር ለአራት ዓመት ከወሰዱት መካከል በልብና በደም ሥር ሕመም የሞቱት ጥቂት ነበሩ። ይህን ማስተባበል አልሻም። ነገር ግን የስዊድን አፈር ሴሊኒየም የሚያንሰው መሆኑን ልብ በሉ፤ የጎደለው ማሰሮ ውኃ ቢጨመርበት ይሞላል፥ የሞላው ግን ይፈሳል።

የእኛስ ማሰሮ? በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፥ በአገራችን እህል ውስጥ ያለው የሴሊኒየም መጠን ከቦታ ቦታ እጅግ ይለያያል፤ የአማራ ክልልም ከተጠኑት ስፍራዎች አንዱ ነው። ስለዚህ ለጎንደር ደጋም ለመተማ ቆላም አንድ ዓይነት ክኒን ማዘዝ በጭፍን መሄድ ነው። አፈሩ ጎዶሎ ሆኖ ከተገኘም መፍትሔው በየቤቱ ብልቃጥ ማስገባት አይመስለኝም። ፊንላንዶች ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሴሊኒየምን ከማዳበሪያ ጋር ቀላቅለው በእርሻቸው ላይ በመበተናቸው ከእህሉ ሁሉም ተጠቃሚ ሆኗል።

ያ ልጅ ታዲያ ምን ያድርግ? ከሚሸጠው ሰሊጥ ጥቂቱን ለቤት ያስቀር፤ ካልሲየም፥ ብረትና ዚንክ በውስጡ አሉና። (ሰሊጥ ዕድሜ ያረዝማል አላልሁም፤ ምግብ ነው።) ወባ በሚበረታበት በዚያ ቆላ ለአባቱ አጎበር ይግዛላቸው፤ ወደ ጤና ጣቢያም ወስዶ የደም ግፊታቸውን ያስለካ። ሐኪሙ መርምሮ የጎደላቸውን ለይቶ ያዘዘላቸው እንደሆነ ግን፥ ያን ጊዜ ክኒኑን ሳያመነታ ይግዛ።