በሰው ዓይን ማንበብ እስከ መቼ?

መሃይምነት የአንድ ግለሰብ ጉድለት ወይም የዕድል ጉዳይ ተደርጎ ሲነገር እንሰማለን። ይህ አመለካከት መሠረታዊ ስሕተት ነው። መሃይምነት ከሁሉ በፊት ማኅበራዊ ግንኙነት ነው። የሚያነበው በማያነበው ላይ፣ አስቦትም ይሁን ሳያስበው፣ የበላይነት ያገኛል፤ የማያነበውም የገዛ ጉዳዩን በሌላ ሰው ዓይን አይቶ በሌላ ሰው ቃል ለመቀበል ይገደዳል። ስለሆነም ስለ መሃይምነት ስንነጋገር የምንነጋገረው ስለ ፊደል ብቻ ሳይሆን፣ ሠርቶ አደሩ በገዛ ሕይወቱ ላይ ስላለው ሥልጣን ጭምር ነው።

ይህን ሀቅ በተጨባጭ ለመመልከት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ሲ.ኤም.ሲ የተባለው ሰፈር ስሙን የወረሰው ከአንድ የኢጣሊያ የሥራ ተቋራጭ ነው። ሦስቱ ፊደላት የግንበኞችና የሲሚንቶ ሠራተኞች ኅብረት ሥራ ማኅበር የሚለው ስም ምሕጻር ናቸው፤ ማኅበሩም በ1901 እ.ኤ.አ. በራቬና ከተማ የተመሠረተ ነው። እንግዲህ ይህ ስም ተደራጅተው የሠሩ ግንበኞች ስም ነው። ዛሬ ግን በዚሁ ሰፈር ድንጋይ የሚያቀብል፣ ሲሚንቶ የሚያቦካ የቀን ሠራተኛ ስሙን በየማለዳው ከታክሲ ረዳት አፍ እየሰማ፣ ተጽፎ ሲያየው ግን ሳይለየው የሚያልፍበት ጊዜ አለ።

በመኖሪያ ግቢዎች በር ላይ የሚቆመውን የጥበቃ ሠራተኛም እንመልከት። እንግዳ ሲመጣ መዝገቡን አዙሮ «እርስዎ ይጻፉት» የሚለው ሁልጊዜ ከትሕትና የተነሣ አይደለም። ከእንጦጦና ከየካ ተራሮች የባሕር ዛፍ ጭራሮ በጀርባዋ ተሸክማ የምትወርደው እናትም መድኃኒቱ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚወሰድ የምትጠይቀው ልጇን ነው። ልጁ ትምህርት ቤት ከዋለ መድኃኒቱ ልጁን ሲጠብቅ ይውላል። እነዚህ ሰዎች ሰነፎች አይደሉም፤ ከማንም ቀድመው የሚነሡ፣ ከማንም ዘግይተው የሚተኙ ናቸው። ላባቸውን ለከተማይቱ ሰጥተዋል፤ ከተማይቱ ግን ጽሕፈቷን እስካሁን አላካፈለቻቸውም።

የጉዳቱ ክብደት ጎልቶ የሚታየው አውራ ጣት በቀለም ተነክሮ ወረቀት ላይ ሲያርፍ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1728 እንደደነገገው፣ ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው በጽሑፍ ውል ላይ ያደረገው ፊርማ ወይም የጣት ምልክት፣ ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ሹም ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ በቀር አያስገድደውም። ሕጉ ራሱ የጣት አሻራ ብቻውን የፈቃድ ማረጋገጫ እንዳልሆነ ተገንዝቧል ማለት ነው። ይሁን እንጂ ይህን ድንጋጌ ማወቅ ይበልጥ የሚጠቅመው ሰው ድንጋጌውን አንብቦ ሊያገኘው አይችልም። ቅራኔው እዚህ ላይ ነው! መብቱ በጽሑፍ ሰፍሯል፤ ባለመብቱ ግን ከጽሑፉ ውጭ ቆሟል።

ጉዳቱ በግለሰቡም ላይ አያበቃም። በዕድርም ሆነ በነዋሪዎች ማኅበር ስብሰባ ሁሉም እጁን ያወጣል፤ ቃለ ጉባኤውን የሚጽፉትና ሒሳቡን የሚመረምሩት ግን ጥቂቶች ናቸው። የማያነበው አባል «ተስማምተሃል» ሲባል ተስማምቷል። እንዲህ ባለው ማኅበር ውስጥ ሐቀኛው ጸሐፊ ያለ ተቆጣጣሪ ይቀራል፤ ሐቀኛ ያልሆነው ደግሞ ያለ ከልካይ ይፈነጫል። ንቁ ተሳትፎ ያለ ማንበብ ሙሉ ሊሆን አይችልም።

ካለፈው ልምዳችን ልንማር ይገባል። በዘውዱ ሥርዓት ማብቂያ ላይ ከሀገሪቱ ሕዝብ ከ90 በመቶ በላይ የሆነው አያነብም ነበር። በ1967 ዓ.ም. ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ተሰማሩ። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ደግሞ በ15 ቋንቋዎች በማስተማር ሚሊዮኖችን አዳረሰ፤ በ1980 እ.ኤ.አ.ም ከዩኔስኮ ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኘ። የቀበሌ አዳራሽ ማታ ማታ በአዋቂዎች ድምፅ «ሀ ሁ» ሲያስተጋባ የሰማ ሁሉ ያን ጊዜ አይረሳውም።

ነገር ግን ያለ ግለ ሂስ የሚነገር ድል ግማሽ እውነት ነው። በ1987 ዓ.ም. የተደረገው የሕዝብ ቆጠራ እንዳሳየው፣ ከ15 ዓመት በላይ ከሆነው ሕዝብ ማንበብና መጻፍ የሚችለው ከሦስት አንድ እንኳ አልሞላም። ጦርነቱና ድርቁ የራሳቸው ድርሻ ነበራቸው፤ በግዳጅና በሪፖርት ቁጥር የሚመራ አሠራርም እንዲሁ። ዋናው ትምህርት ግን ይህ ነው፦ ፊደል የቆጠረ ሰው የሚያነበው ነገር በየዕለቱ ካልገጠመው ፊደሉ ይጠፋበታል። ኩባ በ1961 እ.ኤ.አ. በአንድ ዓመት ውስጥ ከ700 ሺህ በላይ ሰዎችን ካስተማረች በኋላ ሥራው አለቀ አላለችም፤ አዋቂዎቹን እስከ ስድስተኛ ክፍል በተከታታይ ትምህርት ገፋቻቸው። እኛም በ2000 ዓ.ም. የጎልማሶች ትምህርት ስትራቴጂ ስናወጣ ትምህርቱ ከኑሮና ከሥራ ጋር እንዲቀናጅ ያልነው ይህንኑ በመረዳት ነበር። ሆኖም በ2017 እ.ኤ.አ. በወጣው የዩኔስኮ መረጃ መሠረት የሚያነቡት አዋቂዎች ወደ 52 በመቶ፣ ከሴቶች መካከል ደግሞ ወደ 44 በመቶ ብቻ ነበሩ።

በመሆኑም ሌላ ታላቅ ዘመቻ እስኪታወጅ መጠበቅ አይገባንም። በሲ.ኤም.ሲና በአካባቢው ያሉ የነዋሪዎች ማኅበራት የመሰብሰቢያ ክፍል አላቸው፤ በየግቢው የጡረታ ዘመኑን የሚያሳልፍ መምህር፣ ክረምቱን ያለ ሥራ የሚያሳልፍ ተማሪ አይታጣም። የመጀመሪያው መማሪያ መጽሐፍ የደመወዝ መክፈያው ሰነድ፣ የመብራቱ ቢል፣ የሥራ ውሉ፣ የክትባት ካርዱ ይሁን። አሠሪዎችም ለጥበቃ ሠራተኞቻቸውና ለቤት ሠራተኞቻቸው የትምህርት ሰዓት ይፍቀዱ፤ ይህ ምጽዋት ሳይሆን የሚገባቸው ነው። ማኅበራት ቃለ ጉባኤያቸውን ከመፈራረማቸው በፊት ድምፅ ከፍ አድርገው ያንብቡ። ጳጉሜ 3 በየዓመቱ የሚከበረው ዓለም አቀፍ የመሠረተ ትምህርት ቀን ሲደርስም የምንቆጥረው የተመዘገበውን ሰው ሳይሆን፣ የገዛ ውሉን አንብቦ የፈረመውን ይሁን።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። በአንድ ግቢ የሚኖሩ ሃምሳ አባወራዎች አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ማስተማር ቢያቅታቸው ምክንያቱ የአቅም ማነስ ሊሆን አይችልም።

ይህ ጽሑፍ ከማንም በላይ የሚመለከተው ሰው ሊያነበው አይችልም። ስለዚህ አንባቢው ጋዜጣውን አጥፎ ከማስቀመጡ በፊት ወደ በሩ ወጥቶ ለዚያ ሰው ጮክ ብሎ ያንብብለት፤ ነገ ማታ ደግሞ እርሳስና ደብተር ይዞ ይመለስ። ማንበብ ለሌላው ማበደር የጀመርነው ከትናንት ወዲያ ነው፤ ዛሬ ማካፈል መጀመር አለብን እንላለን።