ሽንኩርት ለማይስማማው ጎረቤታችን አንድ ድስት በባሮ ይሠራ



በሠርግም ሆነ በልቅሶ፣ በማኅበርም ሆነ በሰንበቴ፣ አንድ ላይ ተቀምጦ መብላት የቆየ ልማዳችን መሆኑ የታወቀ ነው። ሆኖም ገበታው ሲቀርብ «ኧረ በልቼ ነው የመጣሁት» እያሉ ጥግ ይዘው ሻይ ብቻ የሚጠጡ ጎረቤቶች አሉን። አንዳንዱ «ኮርተው ነው» ይላቸዋል። ከእነዚህ ብዙዎቹ ግን ሽንኩርት አልስማማ ብሏቸው ነው። ሲበሉ ሆዳቸው ይነፋል፣ ይቆርጣቸዋል፣ ሌሊቱን ሲገላበጡ ያድራሉ። ይህንን በሰው ፊት መናገር ስለሚያፍሩ ዝም ይላሉ፤ ቀስ በቀስም ከነጭራሹ መምጣቱን ይተዉታል። ጎረቤት የሚቀርበን በዚህ ምክንያት ከሆነ ጉዳዩ የወጥ ቤት ብቻ አይደለም።

የእኛ ወጥ መሠረቱ ሽንኩርት ነው። ቀዩም አልጫውም፣ የጾሙም የፍስኩም ከቁሌት ይጀምራል። ስለዚህ ሽንኩርት የማይስማማው ሰው ከአንዱ ወጥ ወደ ሌላው ቢሸሽ ማምለጫ የለውም። በእኛ አስተያየት መፍትሔው ከጉልት የማይጠፋው ባሮ ሽንኩርት ነው።

ባሮ የሽንኩርት ዘመድ ቢሆንም ጠባዩ ለስለስ ያለ ነው። ሲከተፍ እንደ ቀይ ሽንኩርት አያስለቅስም፤ ሲበስልም ጣፈጥ ይላል። ብዙውን ጊዜ ሆድ የሚነፋው በሽንኩርት ውስጥ ያለው ፍሩክታን የሚባለው ነገር ሳይፈጭ ወደ ትልቁ አንጀት ወርዶ ስለሚብላላ ነው። ይህ ነገር በባሮው ነጭ ክፍልም በብዛት አለ፤ በአረንጓዴው ቅጠል ግን ያንሳል። እኛስ ምን እናደርጋለን? ነጩን አስቀርተን ቅጠሉን እንጥላለን! ለጎረቤታችን ሆድ የሚሻለውን ነው የምንጥለው ማለት ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። በባሮ ቅጠሎች መካከል አፈር ስለሚገባ ቁመቱን ሰንጥቆ በብዙ ውኃ ማጠብ ያስፈልጋል። ቅጠሉ ጠንከር ስለሚል በቀጭኑ ይከተፍ። በትንሽ ዘይት፣ በለዘብተኛ እሳት፣ ጠብ ጠብ እየተደረገበት ውኃ እስኪለሰልስ ይብሰል፤ ካረረ ይመራል። ከዚያ ድንችና ካሮት፣ ዝንጅብል፣ እርድና ጨው ተጨምሮ አልጫ ይሠራ። ነጭ ሽንኩርት ግን አይግባበት፤ እሱም ያው ሆድ የሚነፋው ነገር አለበት። በርበሬም ብዙውን ጊዜ ነጭ ሽንኩርት አብሮት ስለሚደለዝ ለዚህ ድስት አይሆንም። ጭልፋውም የራሱ ይሁን።

«ወጥ ያለ ሽንኩርት ምኑን ወጥ ሆነ?» የሚሉ እንደሚኖሩ እናውቃለን። እውነት ነው፣ ባሮ እንደ ሽንኩርት ሟሙቶ መረቁን አያወፍርም። ዶሮ ወጥ በባሮ ይሠራ አላልንም፤ እሱ በወጉ ይቀጥል። የምንለው ከአምስቱ ድስት አንዱ ብቻ ነው። «የፈረንጅ ምግብ ነው» ለሚሉም፣ እስራኤላውያን በምድረ በዳ ሳሉ ናፈቁት ተብሎ በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 11 ከተዘረዘረው የግብፅ ምግብ መካከል ባሮም እንዳለበት እናስታውሳለን።

አንድ ነገር ማሳሰብ እንወዳለን። ባሮ መድኃኒት አይደለም። የሽንኩርት አለርጂ ያለበት ሰው ባሮንም ሊጠነቀቅ ይገባል፤ ሕመሙ የጠናበትም ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

እንግዲህ ወጥ ቤት የምትገቡ እናቶችና እኅቶች፣ አስቤዛ የምትገዙ ወንድሞችም፣ በሚቀጥለው ዝግጅት ጥቂት እስር ባሮ ከዝርዝሩ አይቅር። ድስቱ ሲቀርብም «ይኼ ለሕመምተኛ ነው» ተብሎ ለብቻ አይቀመጥ። ከሌላው ጋር እኩል ይደርደር፤ የፈለገ ይቅረብበት። ያን ጊዜ «በልቼ ነው የመጣሁት» የሚለው ጎረቤታችን ሳያፍር እጁን ይታጠባል።