ስለ ከፈን

ጎረቤት ሆነው ዐብረው ቡና የሚጠጡ፣ በአንድ ዕድር መዝገብ የተጻፉ ቤተሰቦች እንኳ አንዱ ስለ ሌላው የቀብር ሥርዐት የሚያውቁት ጥቂት ነው። ሙስሊም ወዳጁ ያረፈበት ክርስቲያን ሊያለቅስ ሲደርስ ቀብሩ አስቀድሞ ተፈጽሞ ያገኛል፤ ለሣጥን ብሎ ያዋጣው ገንዘብም በእጁ ይቀራል። በዚህ የሚቀየም ሰው አይታጣም። ሆኖም አስከሬን ሳይዘገይ እንዲቀበር ሃይማኖቱ ስለሚያዝዝ ነው እንጂ ወዳጅን ለመናቅ አይደለም። ስለዚህ ዛሬ ስለ ከፈን ጥቂት ቃል ለአንባብያን ለማቅረብ አሰብን።

አንድ ሙስሊም ሲሞት ሕያዋን የሚፈጽሙለት አራት ነገር አለ፤ ይኸውም ማጠብ፣ መከፈን፣ የጀናዛ ሶላት መስገድና መቅበር ነው። ይህ ግዴታ ፈርድ ኪፋያ ይባላል። ጥቂቶች ከፈጸሙት ከሌሎቹ ላይ ይወርዳል፤ ማንም ሳይፈጽመው የቀረ እንደ ሆነ ግን በደሉ የሁሉም ይሆናል። ዘመድ የሌለው እንግዳ በመንደር ውስጥ ቢሞት መንደርተኛው ሁሉ ተጠያቂ ነው ማለት ነው።

ወንድን ወንዶች፣ ሴትን ሴቶች ያጥባሉ። ውሃው የቍርቍራ ቅጠል (በትግርኛ ጋባ የምንለው ነው) ይገባበታል፤ በመጨረሻው ዙር ካፉር ይጨመርበታል። ከዚህ በኋላ ወንዱ በሦስት ነጭ ጨርቅ ይጠቀለላል። የሴቲቱ አምስት ነው፤ ሽርጥ፣ ቀሚስ፣ የራስ መሸፈኛና ሁለት መጠቅለያ። ጨርቁ በዕጣን ይታጠናል፤ ከራስጌና ከግርጌ ይታሰራል፤ በመቃብሩ ውስጥ ግን ማሰሪያው ይፈታል። በአገራችን ለዚህ ጕዳይ አቡጀዲ ይበቃል። ሐር ለወንድ ክልክል ነው።

የጨርቁ ርካሽነት ከድኽነት የመጣ እንዳይመስል ታሪኩን መመልከት ይገባል። ነቢዩ መሐመድ በ632 እ.ኤ.አ. ባረፉ ጊዜ የተከፈኑት ከየመን በመጣ ሦስት ነጭ የጥጥ ጨርቅ ነበር፤ ቀሚስም ጥምጥምም አልነበረበትም። ከእርሳቸው በኋላ የተተኩት አቡበክር በ634 እ.ኤ.አ. ሊሞቱ ሲሉ፣ በላያቸው የነበረው አሮጌ ልብስ ታጥቦ ሁለት ተጨምሮበት እንዲከፈኑበት አዘዙ። ልጃቸው ዓኢሻ ልብሱ ያረጀ መሆኑን ብታመለክት፣ አዲስ ልብስ ከሙት ይልቅ ለሕያው የተገባ መሆኑን ነገሯት። የመካ ባለጸጋ ልጅ የነበረው ሙስዐብ ኢብን ዑመይር ደግሞ በ625 እ.ኤ.አ. በኡሑድ ጦርነት ሲወድቅ አንድ አጭር ልብስ ብቻ ተገኘለት። ራሱን ቢያለብሱት እግሩ ይገለጣል፤ እግሩን ቢያለብሱት ራሱ ይገለጣል። በመጨረሻ ራሱን በልብሱ፣ እግሩን ኢዝኺር በተባለ መልካም ሽታ ባለው ሣር ሸፈኑለት።

ለእኛ አገር ሰው ከሁሉ ይልቅ ደስ የሚያሰኘው የአስማ ቢንት ዑመይስ ነገር ነው። እኚህ ሴት ከባላቸው ከጃዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ ጋራ ወደ ሐበሻ ተሰድደው በነጃሺ ጥበቃ ሥር ብዙ ዓመት የኖሩ ናቸው። የነቢዩ ልጅ ፋጢማ ከመሞታቸው በፊት፣ በሴት አስከሬን ላይ ጨርቅ ብቻ ጣል ሲደረግ የሰውነት ቅርጽ መታየቱ እንደሚያሳፍራቸው ገለጡላቸው ይባላል። አስማም በሐበሻ ያዩትን አሳዩአቸው፤ እርጥብ የዘንባባ ዝንጣፊ አስመጥተው ጐበጥ አደረጉና ጨርቅ አለበሱበት። ፋጢማ እጅግ ወደዱት። ጃዕፈር ከሞቱ በኋላ አቡበክርን ያገቡት እኚሁ አስማ ናቸው፤ አቡበክርም ሲሞቱ በኑዛዜያቸው መሠረት ያጠቧቸው እርሳቸው ነበሩ።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንመለስ፤ ቤተሰብን የሚያጣላው እርሱ ነውና። ከሟቹ ሀብት በመጀመሪያ የከፈንና የቀብር ወጪ ይወጣል፤ ቀጥሎ ዕዳው ይከፈላል፤ ከዚያ ከቀረው ከሲሶ ያልበለጠ ለኑዛዜው ይሰጣል፤ የተረፈው ለወራሾች ነው። ሚስት ስትሞት የከፈኗን ዋጋ ማን ይችላል በሚለው ግን ሊቃውንቱ ይለያያሉ። የሻፊዒ ወገን ባልን ያስከፍላል፤ የማሊክ ወገን ከራሷ ገንዘብ ይሁን ይላል። እኛ እንደሚመስለን በሕይወት ሳለች ያለበሳት ባል በመጨረሻው ጨርቅ ሊከራከር አይገባውም፤ ዳኛው ግን ቃዲው ነው።

እንግዲህ የመሥሪያ ቤት ባልደረቦች በሙስሊም ጓደኛቸው ሞት ያዋጡት ገንዘብ ለሣጥንና ለአበባ ጕንጕን ከሚውል ለልጆቹ ቢሰጥ ይመረጣል። በዚያ ቤት ድንኳን ጥሎ ለቀስተኛን ማብላትም የሐዘንተኛው ፈንታ አይደለም። ጃዕፈር በ629 እ.ኤ.አ. በሙእታ በተገደሉ ጊዜ ነቢዩ ለጃዕፈር ቤተሰብ ምግብ እንዲሠራላቸው ጎረቤቱን አዝዘው ነበር፤ አስማና ልጆቻቸው ሐዘን ላይ ነበሩና። ክርስቲያን ጎረቤትም እንጀራና ወጥ ይዞ ቢሄድ በደስታ ይቀበሉታል። ሥጋ ከሆነ ግን ያረደው ማን እንደ ሆነ ስለሚያጠያይቅ፣ ከሽሮና ከምስር ባያልፉ ይሻላል።